የመጨረሻዋ ማልያ ለማን ትገባለች?

ሱሉልታ ላይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቡና ቤት የምታገኙት ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ሮጦ የጨረሰ ወይም ስለ ሯጭ የሚያወራ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል፤ አፌ ግን ደህና ነው።

ሰሞኑን የምናወራው ስለ አንዲት ማልያ ነው። ከሰፈራችን ሜዳ ላይ ልምምድ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ክለብ ለአገር አቋራጭ ውድድር ስድስት ሴቶች ማስመዝገብ አለበት። አምስቱ ላይ ማንም አፉን አልከፈተም፤ ስማቸው ሲጠራ ራስ ተነቀነቀና ታለፈ። ስድስተኛዋ ላይ ግን ሳምንት ሙሉ ተካረርን። ለቦታዋ ሁለት ልጆች አሉ። ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም፤ ትልቋና ትንሿ ብላቸው ይበቃል።

ትልቋ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በክለቡ አራት ዓመት ቆይታለች። አንድም ቀን አንደኛ ወጥታ አታውቅም፤ አንድም ቀን አቋርጣ አታውቅም። ትንሿ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአርሲ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። በጥሩ ቀኗ ከቡድኑ ሁለተኛዋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ትገባለች። በማግስቱ ሆዷን ይዛ መንገድ ዳር ስትቀመጥ ያየኋትም እኔው ነኝ። ነገሩ በቡና ቤቱ ድምፅ የሚወሰን ቢሆን ትንሿ በሰፊ ልዩነት ባሸነፈች ነበር። አዲስ ነገር ሁሉም ሰው ይወዳል፤ በዚያ ላይ አሯሯጧ ሲያዩት ደስ ይላል።

«ስድስተኛ መሆን ይህን ያህል ያጣላል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያጣላል። በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በቡራዩ ዙሪያ ከአርሲ፣ ከሰላሌና ከጎጃም የመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ክለብ ያለው የወር ደሞዝ አለው፤ የሌለው ከቤተሰብ በሚላክ ገንዘብና በጓደኛ እንጀራ ይሮጣል። እንደ መቻልና እንደ ንግድ ባንክ ያሉ ትልልቅ ክለቦች በራቸውን የሚከፍቱት ለጥቂቶች ነው። በትንሹ ክለብ ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ የሚታደሰው ስንት ጊዜ ማልያ እንደለበስሽ ታይቶ ነው። የምንቀመጥበት ቡና ቤት ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ አንድ ሰማያዊ የዱቤ ደብተር አላት። ሁለቱም ልጆች እዚያ ደብተር ላይ አሉ።

ካናዳ፣ ካልጋሪ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በስልክ ይህን ስነግረው ሳቀ። እነሱም አገር በየክረምቱ የሚጣሉበት ነገር ይኸው ነው አለኝ። እሱ የሚከታተለው በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ ነው። በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ አንድ ቡድን እስከ 23 ተጫዋቾች ይይዛል፤ በአንድ ጨዋታ ማልያ የሚለብሱት ግን 20 ናቸው፤ ሁለቱ በረኞች። አጥቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሆነው ሦስት ሦስት እየሆኑ በአራት መስመር ይደረደራሉ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው መስመር ከዚያ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ሲጫወት አራተኛው መስመር አሥር ደቂቃ ካገኘ ጥሩ ነው። ታዲያ የአክስቴ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚያጉረመርመው በአንድ የአራተኛ መስመር ልጅ ላይ ነው፤ ጎል አያገባም፣ አያቀብልም፣ ለምን ቦታ ይይዛል እያለ። «እሱ ሜዳ ላይ ሳለ ስንት ጎል ይቆጠርባችኋል?» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «ብዙ አይቆጠርብንም» አለ። የኮከቦቹ መስመር ትንፋሽ የሚሰበስበው በዚያ ልጅ አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ሥራው ጎል ማግባት ካልሆነ ጎል አላገባም ብሎ መክሰስ ዘበኛን ለምን ወጥ አልሠራህም እንደማለት ነው።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ። ትንሿ ትመረጥ የሚሉት ሰዎች የሚያነሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቷን። ሰዓት የማይዋሽ ዳኛ ይመስላል፤ ግን የት እንደተሮጠ ካልተጠየቀ እንደማንኛውም ምስክር ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የተሮጠ 10,000 ሜትር አውሮፓ ከተሮጠው ጋር ጎን ለጎን አይቀመጥም። ብሔራዊ ቡድን ለኦሊምፒክ የሚመረጥበት ማጣሪያ በቅርብ ዓመታት ባሕር ተሻግሮ የተደረገው ለዚህም ነው። ለቶኪዮ የተደረገው ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሆላንድ፣ ሄንግሎ ነበር፤ ለተሰንበት ግደይ ያን ቀን 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለፓሪስ የተደረገው ደግሞ ሰኔ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ስፔን፣ ኔርኻ ላይ ነው። የትንሿ ሰዓት የሚባለው ግን የጓደኛዋ የእጅ ሰዓት በኮሮኮንች ላይ የያዘው ነው፤ ያውም ቁልቁለት ባለበት መንገድ። በዚህ ማንንም ከማንም ማበላለጥ አይቻልም። ቢቻል እንኳ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ስድስተኛዋ እዚያ የምትሄደው ምን ልትሠራ ነው?

የአገር አቋራጭ ቡድን ነጥብ አሠራር ቀላል ነው፤ ቡና ቤቱ ውስጥ ግን ከአሥር ሰው ሦስቱ ብቻ ናቸው በትክክል የነገሩኝ። በዓለም ሻምፒዮና በአዋቂዎች ውድድር ስድስት ይሮጣሉ፤ የሚቆጠረው የመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃ ነው። ደረጃቸው ይደመራል፤ ትንሽ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። ከአንድ እስከ አራት ተከታትለው የገቡ ልጆች ድምራቸው 10 ነው፤ ከዚያ በታች ነጥብ የለም። አንድ ቡድን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አስገብቶ አራተኛዋ ልጅ 40ኛ ብትወጣበት ድምሩ 46 ነው። ሌላው ቡድን አንድም ሜዳልያ ሳያገኝ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ቢያስገባ ድምሩ 38 ነው፤ ዋንጫውም የእሱ ነው። ሦስት ኮከብና አንድ የደከመች ልጅ ያለው ቡድን በአራት መካከለኛ ልጆች ይሸነፋል ማለት ነው። ስለዚህ በአገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ውድዋ ልጅ አራተኛዋ ናት። ማንም ፎቶ አያነሳትም።

አምስተኛዋና ስድስተኛዋስ? ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው ከተቀናቃኝ ቡድን አራተኛ ቀድመው መግባት ነው። ራሳቸው ባይቆጠሩም የዚያችን ደረጃ አንድ አንድ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ድምሩንም ያሳድጉባታል። ሁለተኛው ሥራቸው ከፊት ካሉት አንዷ ከወደቀች ቦታዋን መሙላት ነው። ይህኛው ተረት አይደለም። የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ ባቱርስት በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ ከፊት ስትመራ ቆይታ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት በሙቀቱና በድካሙ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት አሸነፈች። ለተሰንበት በሰው እርዳታ ተነስታ መስመሩን ብታልፍም ውጤቷ ተሰረዘ። ጽጌ ገብረሰላማ ሁለተኛ ወጣች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድንም የብር ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ። ያቺ ሜዳልያ የተገኘችው ከኋላ ሲሮጡ ካሜራ ያላያቸው ልጆች ስላልቆሙ ነው። ያን ቀን ሁላችንም ያየነው የወደቀችውን ነው፤ እኔም ጭምር። ከኋላ የገቡትን ደረጃ የፈለግኩት በማግስቱ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ የድሮ ወሬ ላንሳ። በ1973 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ የእኛ ልጆች ዙር ተሳስተው አንድ ዙር ሲቀር አለቀ ብለው ጉልበታቸውን ሁሉ አፈሰሱ። ሲነገራቸው እንደገና ተነሱ። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አንደኛ ወጣ፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ። የቡድኑ ዋንጫ ግን የእኛ ሆነ፤ የመጀመሪያችንም ያኔ ነው። በዚያ ዘመን የሚቆጠሩት አራት ሳይሆኑ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ስድስቱም ተሳስተው ስድስቱም ካልቆሙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የወንዶቹን ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰድን፤ ከዚያ ኬንያዎች መጡና እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ አልለቀቁትም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ለአገር አቋራጭ ስድስተኛ ሰው ሲመረጥ መታየት ያለበት ክፉ ቀኗ ነው። ትንሿ በጥሩ ቀኗ 15ኛ፣ በክፉ ቀኗ ደግሞ መንገድ ዳር ናት። ትልቋ በጥሩ ቀኗ 30ኛ፣ በክፉ ቀኗ 38ኛ ናት። አራቱ ደህና ከገቡ ሁለቱም አይቆጠሩም። ስድስተኛዋ የምትፈለገው ከፊት ችግር ሲፈጠር ብቻ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ፣ ጭቃ ሲሆን፣ ሁለት ሰው ሲታመም። ይህ ደግሞ ትንሿም የምትታመምበት ቀን ነው። መጠባበቂያ ጎማ ይዘህ ወጥተህ እሱም የተነፈሰ ከሆነ ምን ይዘሃል? ትልቋ ትመረጥ ያልኩት በዚህ ነው፤ አራት ዓመት አገልግላለችና ትሸለም ብዬ አይደለም። አገልግሎት ምስጋና ይገባዋል፤ ማልያ ግን የምስጋና ወረቀት አይደለም።

ቡና ቤቱ ውስጥ አንድ ወጣት ሯጭ ይህን ስናገር አላስጨረሰኝም። «ጋሼ፣ እንደዚህማ ከሆነ ወጣት መቼ ሊገባ ነው? ሁልጊዜ የለመደ ይሂድ ነው የምትለው» አለኝ። እውነቱን ነው። የኔ መለኪያ ለአንድ ዓይነት ውድድር ብቻ ይሠራል፤ ሌላ ቦታ ከወሰድኩት እኔም ሰዓት ብቻ እንደሚያዩት ሰዎች እሆናለሁ።

በትራክ ላይ ቡድን የሚባል ነጥብ የለም። በኦሊምፒክ ለአንድ ርቀት ከአንድ አገር ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። በዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የቀደመው ሻምፒዮና አሸናፊ ያለ ኮታ ስለሚገባ አራት መሆን ይቻላል። አራተኛው ሰው ትርፍ ነው ለሚል በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃዋል። ጥሩነሽ ዲባባ ከሁለት ዓመት በፊት በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ ስለነበረች በ5,000 ሜትር አራት ሆነን ገባን። ጥሩነሽ አንደኛ፣ መሠረት ደፋር ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ዲባባ ሦስተኛ፣ መሰለች መልካሙ አራተኛ። አራት ገብተው አራቱም ከፊት። መሰለች ያን ቀን አገልጋይ ሆና የገባች አይመስለኝም፤ ከሦስተኛዋ ጋር የነበራት ልዩነት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው።

ሦስተኛው ሰው ለሌላው የሚሠራበት ቀንም አለ። የ1996ቱን አቴንስ ያየ ሰው አይረሳውም፤ 10,000 ሜትሩ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ሲጠብቁ። ኃይሌ ታሞ ነበር፤ አልደረሰባቸውም፤ አምስተኛ ወጣ። ሁለቱ ወርቅና ብሩን ያዙ። ያ መጠበቅ በውድድር ስሌት ስህተት ነው የሚሉ አሉ፤ ተቀናቃኝ እንዲያርፍ ዕድል ይሰጣልና። እኔ አልፈርድም፤ ቴሌቪዥኑ ፊት እንባዬን እየጠረግኩ ስላየሁት ዳኛ ለመሆን አልበቃም።

ፓሪስ ላይ የሆነው ግን ለመከራከር ይመቻል። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት በወንዶች 10,000 ሜትር በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና ሰለሞን ባረጋ ከመጀመሪያው ጀምረው እየተቀባበሉ መሩ። ውድድሩ ዝግ እንዳይልና የመጨረሻ ዙር ፈጣኖቹ ጉልበታቸውን ጠብቀው እንዳይደርሱ ነበር ሐሳቡ። ውድድሩ በእርግጥ ፈጠነ፤ 13 ሰዎች ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ይዞት የነበረውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽለው ገቡ። ግን ተቀናቃኞቹ አልተበጠሱም። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አሸነፈ። በሪሁ በመጨረሻው ዙር ከኋላ ተነስቶ በ26:43.44 ብሩን ነጠቀ፤ ከአሜሪካዊው ግራንት ፊሸር የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ሁለት ብቻ ነው። ዮሚፍ ስድስተኛ፣ ሰለሞን ሰባተኛ።

እዚህ ላይ የሱሉልታ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ዮሚፍና ሰለሞን ለምንም ተቃጠሉ ይላል፤ ሰለሞን የቶኪዮ ባለወርቅ ነው፤ ጉልበቱን ይዞ ቢጠብቅ ምን ይሆን ነበር? ሌላው ወገን የመቶኛ ሰከንድ ሁለቷ ከየት የመጣች ይመስላችኋል ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን በሙሉ ልቤ አይደለም። የቡድን ሥራ ሜዳልያ ሲገኝ ጥበብ ይባላል፣ ሳይገኝ ብክነት ይባላል፤ የተሮጠው ሩጫ ግን አንድ ነው።

ከዚያ በፊት ኔርኻ ላይ በነበረው ማጣሪያ በዚሁ ርቀት አራተኛ የወጣው ቢንያም መሐሪ ነበር። የሮጠው 26 ደቂቃ ከ37.93 ሰከንድ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። ክብረ ወሰን ሰብሮ ከቡድን መውጣት! በየትኛውም ሌላ አገር ቢሆን ይህ ልጅ ለብቻው አውሮፕላን ይያዝለት ነበር። እኛ ዘንድ አራተኛ ነው። ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር ሮጠ እንጂ በ10,000 ቦታ አልነበረውም። በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ባየው ውድድር ሦስቱ ቀድመውት ገብተዋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ማራቶን ላይ ስንመጣ የኔ የክፉ ቀን መለኪያ ይሰበራል። ለፓሪስ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ሲሳይ ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሮጧል፣ ቦስተንንም አሸንፏል። ደሬሳ ሴቪያ ላይ 2:03:27። ቀነኒሳ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ኒውዮርክን ያሸነፈበት ሰዓት 2:04:58 ነው። ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች የደረደረ ሰው ታምራትን አራተኛ ያደርገዋል፤ በክፉ ቀን የሚመዝን እንደኔ ያለ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያየውም፤ በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና አቋርጦ ነበርና።

ታዲያ ሲሳይ ተጎዳ። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ታምራት ገባ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሳሙኤል ዋንጂሩ ከቤጂንግ ጀምሮ ይዞት የነበረውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በስድስት ሰከንድ አሻሻለ። የኢትዮጵያ ብቸኛ የፓሪስ ወርቅ እሱ ነው። ደሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ወጡ።

ይህን ዕድል ብቻ ነው የሚል ካለ መንገዱን ይመልከት። የፓሪስ ማራቶን 436 ሜትር ዳገት ነበረበት፤ አንዳንዱ ቦታ እጅግ ቀጥ ያለ ነው። የኒውዮርክም መንገድ በድልድይና በዳገት የተሞላ ነው፤ ታምራት የ2:04:58ቱን ሰዓት ሲሮጥ የዚያን ቦታ ክብረ ወሰን ነበር የሰበረው። ቫሌንሲያና ሴቪያ ሜዳ ናቸው፤ ሰዓት የሚታፈስባቸው። ቁጥሩ አራተኛ ያደረገው ሰው ለዚያ መንገድ አንደኛ ነበር። ማራቶን ውስጥ ደግሞ ከኋላ ገብቶ ቡድን የሚያድን ነጥብ የለም፤ 20ኛ መውጣት ለማንም አይጠቅምም። እዚያ የሚፈለገው ጥሩ ቀኑ የት ድረስ ይወስደዋል የሚለው ነው፤ አቋርጦ የሚያውቅ መሆኑ አያስፈራም። ታምራት ራሱ ከድሉ በኋላ ሲሳይ ዕድሉን እንደሰጠው ተናግሯል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱን ደብቆ የኦሊምፒክ ማልያውን ሳይለቅ መነሻ መስመር ላይ የቆመ ስንቱ ነው? ሲሳይን በዚህ የሚያመሰግነው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ አመሰግነዋለሁ።

እንግዲህ የመጨረሻው ቦታ አንድ ዓይነት ቦታ አይደለም። በአገር አቋራጭ መጠባበቂያ ነው፤ የማይወድቅ ሰው ይፈልጋል። በትራክ አንዳንዴ መሪ ነው፤ 20 ዙር ፊት ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ ጠንካራ ሰው ይፈልጋል። በማራቶን ሌላ ዕጣ ነው፤ ለዚያ መንገድ የተሠራ እግር ይፈልጋል። እኛ ሦስቱንም በአንድ ሰዓት እየለካን እንጣላለን።

ግን የዚህ ዓይነት ንግግር አደጋም አለው። «ለቡድን ሥራ ይጠቅማል» የሚለው ቃል ከማንም አፍ በቀላሉ ይወጣል። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ ከአንድ የክለብ ዝርዝር ውጪ ሆኜ ምክንያቱን ስጠይቅ የተመለሰልኝ ይህ ነው፤ የገባው ልጅ ለቡድን ሥራ ይሻላል ተባልኩ። በውድድሩ ቀን ልጁ አልመራም፣ አልጠበቀም፣ አላሯሯጠም፤ ለብቻው ሮጦ ለብቻው ገባ። ሥራው ምን እንደነበረ እስከዛሬ የነገረኝ የለም። አሠልጣኙ የሚያውቀው ምስጢር ነበረው ብዬ አንዳንዴ ራሴን አጽናናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን የቡድን ሥራ የሚባለው የዝምድና ሌላ ስሙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ነው የኔርኻን ነጥብ ያዙልኝ ያልኩት። ቢንያም ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲቀር ማንም ያልጮኸው ደንቡ ከሩጫው በፊት ስለታወቀ ነው። ሦስት ይገባሉ፤ አራተኛው አይገባም፤ አለቀ። ጭቅጭቁ የሚበዛው ማጣሪያ በሌለበት፣ ሰዓት ተሰብስቦ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚመረጥበት በማራቶን ነው። ማራቶንን ሁለት ወር ቀድሞ በማጣሪያ ማስሮጥ አይቻልም፤ ሰውነት ለሁለቱም አይበቃም። ስለዚህ ጠረጴዛው አይቀርም። ጠረጴዛው ካልቀረ ግን ከመቀመጡ በፊት ምን እንደሚታይ፣ ሰዓቱ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሚቆጠር፣ መንገዱ ግምት ውስጥ ይግባ አይግባ፣ ተጠባባቂው በየትኛው ቀን እንደሚያውቅ ተጽፎ ይለጠፍ። ተጠባባቂ ሰው የሚበደለው ተጠባባቂ በመሆኑ አይደለም፤ ተጠባባቂ መሆኑን ሳያውቅ አራት ወር በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ነው። ሌላ ውድድር ሊሮጥና ሊከፈለው የሚችልበት ጊዜ ነበር።

ይህንኑ ለክለቡ አሠልጣኝ ነገርኩት። አሠልጣኙ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ማኪያቶውን አማስሎ አማስሎ፣ «እኔኮ ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ። ምን ብለህ ስለው፣ «ትልቋን ካሰለፍኩ አራተኛዋ ስትደክም ከጎኗ እንድትሆን ነው፤ ከአራተኛዋ አትቅደሚ ብያታለሁ። ትንሿን ካሰለፍኩ ደግሞ አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ እንዳትወጣ፣ የምትወጣ ከሆነ እንዳታሰልፈኝ ብላ ራሷ ትንገረኝ ብያለሁ።» አለ። ትንሿ እስካሁን አልመለሰችለትም። ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሷ ጥሩ ነገር አሰብኩ። ቃል መግባት ቀላል ነበር፤ አልገባችም። በጥሩ ቀኗ ራሷን መያዝ እንደማትችል ታውቃለች ማለት ነው። ይህን ያወቀች ልጅ ትራክ ላይ ብዙ ርቀት ትሄዳለች። ለ5,000 ሜትር ብትሆን ዛሬውኑ እሷን እመርጥ ነበር።

ለዚህ ውድድር ግን ድምፄ ለትልቋ ነው። ወጣቱ ሯጭ አልተስማማም፤ የትንሿን ስም እየጠራ ሄደ። አሠልጣኙ ዝርዝሩን ሐሙስ ማታ በቴሌግራም እለጥፋለሁ ብሏል።

ሒሳብ ስከፍል እትዬን ማን ትመረጥ ትያለሽ አልኳት። ሰማያዊውን ደብተር ገልጣ በጣቷ ሁለት ገጽ አሳየችኝ። ትልቋ የሦስት ሳምንት ቡናና እርጥብ አለባት፤ ትንሿ የሁለት ወር።

«አበል የምታገኘው የተመረጠችው ናት አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«እንግዲያ እኔ ለትንሿ ነኝ» አለችና ደብተሩን ዘጋችው።